ኮኒ ፍራንሲስን ቲክቶክ አልፈጠራትም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራሙ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። የሚያወራው ስለ ኮኒ ፍራንሲስ ነው፤ «ፕሪቲ ሊትል ቤቢ»ን ስለዘፈነችው አሜሪካዊት። ዘፈኑን በስሙ ባታውቁት እንኳ ሰምታችሁታል። በ2025 ቲክቶክ ላይ ሕፃን ልጁን የሚያሳየውም፣ ድመቱን የሚያሳየውም፣ አዲስ ቀሚሷን የምታሳየውም ከሥር የሚያስገቡት እሱን ነበር። ዘፋኟ በዚያው ዓመት ጁላይ 16 ቀን በ87 ዓመቷ አረፈች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጽሑፉ ጥሩ ብዕር አለው። አንባቢን ይዞ ይሄዳል። መልስ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ነው። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ስህተት ቶሎ ይታመናል።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። ኮኒ ፍራንሲስ ለ60 ዓመት ያህል ተረስታ የኖረች ዘፋኝ ነበረች፤ ቲክቶክ ጎትቶ አወጣት። በጊዜዋም ቢሆን ዝናዋ የአባቷ ምርጫና የአንድ የቴሌቪዥን አቅራቢ ውለታ ነው፤ የእሷ ድርሻ ጉሮሮዋን ማዋስ ብቻ ነበር። በሌሎች ቋንቋዎች የዘፈነችው ትርጉሙን ሳታውቅ እንደ በቀቀን እየደገመች፣ ለገበያ ነው። ቢትልሶች የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ሲመጡ በአንድ ጀንበር የጠፋችው ሥራዋ ድሮም ጥልቀት ስላልነበረው ነው። በመጨረሻም፣ ሕይወቷ የሙዚቃ ታሪክ ሳይሆን የመከራ ታሪክ ነው።

ከዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያለበት አለ። እዚያ ስደርስ አምናለሁ። ድምር ውጤቱ ግን አንዲት ታታሪ ባለሙያን ዕድለኛ ልጅ አድርጎ ያስቀራል። ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ከመረሳቱ ልጀምር።

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ጀርመናዊት ጎረቤት አሉን። ያ ዘፈን በጦፈበት ሰሞን ልጄ ስልኳን ከፍ አድርጋ ደረጃው ላይ ስታሰማው፣ ሴትየዋ የገበያ ቦርሳቸውን እንደያዙ ቆም አሉ። «ይቺ ኮኒ አይደለችም እንዴ?» አሉ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ትተው ሌላ ዘፈን ጀመሩ። በጀርመንኛ፣ ከነግጥሙ፣ አንድም ቃል ሳይስቱ። በ1960 የወጣው «ዲ ሊበ ኢስት አይን ዘልትሳመስ ሽፒል» ነበር፤ «ፍቅር ግራ የሚያጋባ ጨዋታ ነው» እንደ ማለት። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች።

ለእኚህ ሴት ኮኒ ፍራንሲስ ጠፍታ የተገኘች ሰው አይደለችም። «ማንም አያውቃትም ነበር» ማለት «እኔና እኩዮቼ አናውቃትም ነበር» ማለት ከሆነ እስማማለሁ። እኔም ወጣት ሳለሁ አላውቃትም ነበር። ይህ ግን ስለ እኛ የሚናገር ነገር ነው፤ ስለ እሷ አይደለም።

ቁጥሩም ይመሰክራል። ከ1958 እስከ 1962 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ 16 ዘፈኖቿ በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ገብተዋል። በጁን 1960 «ኤቭሪባዲስ ሰምባዲስ ፉል» ቢልቦርድ መጽሔት በሚያወጣው፣ ሆት 100 በተባለው ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሰንጠረዡ በ1958 ከተጀመረ ወዲህ ብቻዋን ዘፍና እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። 22 ዓመቷ ነበር። በሴፕቴምበር በሌላ ዘፈን ደገመችው፤ በ1962 ሠለሰችው።

ደግሞስ አሮጌ ዘፈን እንደገና ሲነሳ ዘፋኙን «ተፈጠረ» እንላለን? የኮኒ ዘመነኛ ብሬንዳ ሊ በ1958 የቀረጸችው የገና ዘፈን በዲሴምበር 2023 አንደኛ ወጥቷል። ብሬንዳ ሊን ስልክ ፈጠራት ያለ ሰው አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተወው ነጥብ አለ። «ፕሪቲ ሊትል ቤቢ» ራሱ በእርግጥ ተረስቶ ነበር። ኮኒ ራሷ በ2025 ስትጠየቅ ዘፈኑን እንደማታስታውሰው፣ ለማስታወስ ቁጭ ብላ መስማት እንዳስፈለጋት በግልጽ ተናግራለች። በ1962 አልበም ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ የወጣ ነው፤ በእንግሊዝ ደግሞ በአንድ ነጠላ ዜማ ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር። ቲክቶክ ያነሳው አንድን የተረሳ ዘፈን ነው። ብዙ ከመሥራቷ የተነሳ የራሷን ዘፈን የረሳች ዘፋኝና የተረሳች ዘፋኝ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ አባቷ። ጽሑፉ በጣም የበረታው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እዚሁ ነው።

የማምነውን አስቀድሜ ላምን። ጆርጅ ፍራንኮኔሮ ከባድ አባት ነበሩ። ገና በ3 ዓመቷ አኮርዲዮን ያሸከሟት እሳቸው ናቸው። የወደደችውን ልጅ፣ በኋላ እሱም ታዋቂ ዘፋኝ የሆነውን ቦቢ ዳሪንን፣ ሽጉጥ ይዘው ያባረሩት እሳቸው ናቸው። «ሁዝ ሶሪ ናው»ን ካልዘፈንሽ ብለው ሙጭጭ ያሉትም እሳቸው ናቸው። እሷ ዘፈኑን አልወደደችውም። የ1923 ዘፈን ነው፤ እኩዮቼ ይስቁብኛል ብላ ነበር። በኦክቶበር 1957 ስቱዲዮ ሲገቡ ሌሎቹን ዘፈኖች ሆን ብላ አንዛዛቻቸው። የመቅረጫው ክር አልቋል እንዲባል ነበር ሐሳቧ። አባትየው አለቀቋትም። ተቀርጾ ሲያልቅ ክሩ ላይ የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነበር።

የቴሌቪዥን አቅራቢው ዲክ ክላርክም ውለታ ውሎላታል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1958 ዘፈኑን «አሜሪካን ባንድስታንድ» በሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ አሰማው፤ ከዚያ በኋላ ነው የተነሳው። ይህንንም እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው ኖራለች። ማንም ደብቆት አያውቅም።

ታዲያ ከዚህ «የእሷ ድርሻ ጉሮሮዋ ብቻ ነው» ወደሚለው እንዴት ይደረሳል?

ኤም ጂ ኤም የተባለው የሸክላ ኩባንያ ያስፈረማት በ1955 ነው። ከዚያ እስከ 1957 መጨረሻ ድረስ ሸክላ እያወጣች ነበር። አንዱም ወሬ የሚሆን አልሆነም። ተስፋ ቆርጣ ሙዚቃውን ትታ ሕክምና ልትማር አስባ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አባትየው አጠገቧ ነበሩ። የአባት ምርጫ ብቻውን ዘፋኝ የሚያደርግ ቢሆን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ለምን ፈጀ? «ሁዝ ሶሪ ናው»ም አዲስ አልነበረም። ከ34 ዓመት በላይ ሲዘፈን የኖረ ነው። ዘፈኑ ብቻውን ሚሊዮን ሸክላ የሚያሸጥ ቢሆን ከእሷ በፊት የዘፈኑት ሁሉ በሸጡ ነበር።

ልዩነቱን በጆሮ መስማት ይቻላል። ኮኒ ከዚያ በፊት ለደራሲዎች የናሙና ቀረጻ እየሠራች ነበር የምትተዳደረው። ደራሲው «ይህን እንደ እገሊት ዝፈኚልኝ» ይላታል፤ እሷም የእገሊትን ድምፅ አስመስላ ትዘፍናለች። ጎበዝ አስመሳይ ነበረች። ችግሩ ራሷ የት እንዳለች አለመታወቁ ነበር። «ሁዝ ሶሪ ናው» ላይ ግን ማንንም አልመሰለችም። ዘፈኑን ስላልወደደችው ለማሳመር አልደከመችም፤ እንዲሁ ዘፈነችው። ፒያኖው ከኋላ ሦስት ሦስት እያለ ይመታል፣ እሷ ከላይ ድምፅዋን ትለቀዋለች፤ መጨረሻ አካባቢ ሲቃ የሚመስል ነገር ይገባበታል። አባትየው ዘፈኑን መረጡ፤ ያንን ሲቃ ግን እሳቸው አልዘፈኑትም።

ከዚያ የሆነውን ጽሑፉ ጨርሶ ዘሎታል። በዚያው በአሮጌ ዘፈን መንገድ የወጡት ቀጣዮቹ ሁለት ነጠላ ዜማዎች እምብዛም አልሄዱም። ወሬው «የአንድ ዘፈን ዘፋኝ ናት» ወደሚለው እያመራ ነበር። እንግዲህ ይኸው የአባት ቀመር፣ ይኸው ዝነኛ የሆነ ስም፣ ግን አልሠራም።

ያወጣት የራሷ ጆሮ ነው። ሁለት ገና ስም የሌላቸው ወጣት ደራሲዎች፣ ኒል ሴዳካና ሃዋርድ ግሪንፊልድ፣ ቤቷ ድረስ መጥተው ዘፈኖቻቸውን ያሰሟታል። የሚያሰሟት ሁሉ ዝግ ያለ፣ ያዘነ ዘፈን ነው። ሰለቻት። የእኩዮቿ ጆሮ የሚፈልገው ሌላ መሆኑን ነገረቻቸው። በስንት ማመንታት ለሌላ ቡድን ያሰቡትን «ስቱፒድ ኪዩፒድ»ን አሰሟት። ወዲያው ይኸ ነው የምፈልገው አለች። በ1958 ወጣ፤ በእንግሊዝ ለሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሴዳካም በደራሲነት የታወቀው በዚህ ዘፈን ነው። እንግዲህ ማን ለማን በር ከፈተ? ኒል ሴዳካን ያህል ሰው ያስተዋወቀችን ልጅ «ጉሮሮ ብቻ» ማለት ግፍ ነው።

በኋላ «ዌር ዘ ቦይስ አር» የተሰኘው ፊልም ላይ ስትሠራ የርዕሱን ዘፈን እነዚሁ ልጆች እንዲጽፉት የወተወተችው እሷ ናት። ለሐቀኝነት ያህል ይህንንም ልጨምር፤ ከጻፏቸው ሁለት ዘፈኖች እሷ የወደደችው ሌላውን ነበር፣ የተመረጠው ግን የፊልሙ አዘጋጅ የወደደው ሆነ። ዘፈኑም አራተኛ ደረጃ ድረስ ሄደ። ሁልጊዜ ልክ ነበረች አላልኩም። በ1962 ደግሞ «ቫኬሽን» ዘጠነኛ ሲወጣ ከደራሲዎቹ አንዷ ራሷ ነበረች። ስሟ ሸክላው ላይ ተጽፏል።

ስለ ቋንቋው ክስ ስንመጣ፣ እኛ ሐበሾች በተለይ በሰው አገር የምንኖረው ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል።

ኮኒ ከ10 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ቀርጻለች። ሁሉንም ትናገር ነበር አልልም። የጃፓንኛውን ድምፁን እያጠናች ነው የዘፈነችው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ጣሊያንኛው ግን የቤቷ ድምፅ ነው። ኮንቼታ ፍራንኮኔሮ ተብላ የተወለደች የጣሊያን ዘር ናት። ያደገችበት ሰፈር ጣሊያኖችና አይሁዶች አብረው የሚኖሩበት ነበር፤ ከሰፈሩ የአውሮፓ አይሁዶችን ቋንቋ፣ ዪዲሽን፣ ለምዳ አድጋለች። በ1960 በዪዲሽና በዕብራይስጥ ያወጣችው አልበም ከዚያ የመጣ ነው። የጎረቤቶቿን ዘፈን ዘፈነች። ይኸ በቀቀንነት ነው?

በ1959 ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብታ የጣሊያን ዘፈኖች ቀረጸች። አልበሙ በአሜሪካ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ሰንጠረዡ ላይ ቆየ። አስቡት እስቲ። በእነዚያ ዓመታት የስደተኛ ልጅ ስሙን አሳጥሮ፣ የእናቱን ቋንቋ ውጭ ላለመናገር ይጠነቀቅ ነበር። የእሷም ስም ለመጥራት ይከብዳል ተብሎ በልጅነቷ ተቀይሯል። ያቺው ስሟ የተቀየረባት ልጅ በዝናዋ ጫፍ ላይ ሆና «ማማ»ን በጣሊያንኛ ዘፈነች፤ በ1960 ስምንተኛ ደረጃ ወጣ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ላይ አማርኛ ስናናግራቸው ዝቅ ባለ ድምፅ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ሲመልሱልን ያየን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

የማታውቀውን ቋንቋ መዝፈንስ ቢሆን ቀላል ነው? የውጭ ዘፈን በፊደላችን ደብተር ላይ ገልብጦ የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ምላስ ይተሳሰራል። የእሷ ሥራ ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ያው ነው፤ አዲሱ ግጥም በዚያው ዜማ ላይ መግጠም አለበት። ጀርመንኛው ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ ስለዚህ ግጥሙ ትርጉም ሳይሆን ሌላ ግጥም ነው። ጎረቤቴ የዘፈኑት «ፍቅር ግራ የሚያጋባ ጨዋታ ነው» እንግሊዝኛው «ሁሉም ሰው የሆነ ሰው ሞኝ ነው» ከሚለው ጋር ዜማው አንድ፣ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ዘፈን በጀርመን አንደኛ ወጥቷል። በቀጣዩ ዓመት «ሽውነር ፍሬምደር ማን»ም አንደኛ ሆኗል። የዚያ ዘመን ልማድ የአገሬው ዘፋኝ የአሜሪካኑን ዘፈን በራሱ ቋንቋ እንዲዘፍነው ነበር። እሷ ግን ራሴ እዘፍነዋለሁ አለች።

ለገበያ ነበር? አዎ፣ ለገበያም ነበር። ሸክላ የሚታተመው ሊሸጥ ነው። ግን አንድ ፈረንጅ አጥንቶ፣ ደክሞ፣ «እንደምን አደራችሁ» ሲለን ፊታችን ለምን ይበራል? ደክሞልናላ! ጎረቤቴ ከ60 ዓመት በላይ ያንን ግጥም የያዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የቢትልሶቹን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በ1964 ነገሩ ሁሉ ተቀየረ፤ እውነት ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ 40 የገባ ዘፈን የላትም። «በአንድ ጀንበር» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ከ«ቫኬሽን» በኋላ ከአሥሩ የገባ ዘፈን አልነበራትም፤ ማለትም መውረድ የጀመረችው ቢትልሶች አሜሪካን ሳይረግጡ ነው። መጥፋትም አልጠፋችም። በ1965 ጣሊያን አገር ሳንሬሞ በሚባለው የዘፈን ውድድር ሄዳ ተወዳደረች፣ በ1967ም ተመለሰች። በዚያው ዓመት ቬትናም ሄዳ ለወታደሮች ዘፈነች። ሆት 100 ላይ እስከ 1969 ድረስ ስሟ አለ።

ከሰንጠረዥ መውረድ ጥልቀት የማጣት ማስረጃ ነው የሚለው ሐሳብም አያስኬድም። ኒል ሴዳካ በዚያው ጊዜ ነው የወረደው። በ1975 ተመልሶ አንደኛ ወጣ። መካከል ላይ ችሎታው የት ሄዶ ነበር? የሰው ጆሮ ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጠም። አንድ ነገር ግን አልደብቅም፤ በእነዚያ ዓመታት ኮኒ በጣም ብዙ አልበም በጣም በጥድፊያ አውጥታለች። አንዳንዱን ሁለተኛ መስማት አልቻልኩም። ኩባንያውም እሷም ማረፍ ነበረባቸው።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብደኛል። ጽሑፉ በኖቬምበር 1974 የደረሰባትን በሰፊው ይተርካል። ኒውዮርክ አቅራቢያ ዌስትበሪ በሚገኝ አዳራሽ ዘፍና ያረፈችበት ሆቴል ክፍል ድረስ ገብቶ አንድ ሰው ደፈራት። ከዚያ በ1977 የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ድምፅዋን ለዓመታት ነጠቃት። በ1981 ወንድሟ ተገደለ። ይህ ሁሉ ሆኗል። እኔም አንብቤ አልቅሻለሁ።

ጸሐፊው ግን መከራውን ብቻ ይዘው ያደረገችውን ትተውታል። ሆቴሉን ከሰሰች። እዚያ ዘመን አንዲት ታዋቂ ሴት እንዲህ ዓይነት ነገር ደረሰብኝ ብላ ፍርድ ቤት መቆሟ ራሱ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት። በ1976 ዳኞቹ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላት። ነገሩ የበሩ ቁልፍ ነበር፤ ሆቴሉ የእንግዳውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም የሚል። ዛሬ ሆቴል ገብተን በሩ ሲቆለፍ የምንሰማው ድምፅ ውስጥ የእሷም ድካም አለበት። ድምፅዋን ለመመለስ ደጋግማ ቀዶ ሕክምና ገባች። በ1981፣ ወንድሟ በተገደለበት በዚያው ዓመት፣ ለመዝፈን የተመለሰችው እዚያው ዌስትበሪ ነው። ያንን ሌሊት የጀመረችበት መድረክ ላይ። ከዚያም እስከ 2018 ድረስ ዘፍናለች።

ስለ 1974 ሌሊት ጽሑፉ ስድስት አንቀጽ አለው። ስለ 1981ዱ መድረክ አንድ ቃል የለውም። ጸሐፊውን በክፋት አልጠረጥራቸውም፤ ያዘኑላት መሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታያል። ግን የሚታዘንላት ሰው ብቻ አድርገው ትተዋታል።

ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ ከየቱ ልጀምር?» አለችኝ። የ1959ኙን የጣሊያንኛ አልበም ላክሁላት። ከ«ማማ» ጀምሪ አልኳት።